ቅኝ ገዥው ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር

ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ፣ የወጣቶች ኅብረት መርሐ ግብራችን ካለቀ በኋላ፣ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩን ይዞ ጠጋ አለኝ። የታሪክ መምህሩ የአንድ ቅኝ ገዥ መንግሥትን ታሪክ አጥንታችሁ በጽሑፍ አቅርቡ ብለዋቸው ኖሯል። እርሱም እንግሊዝ ህንድን የገዛችበትን ታሪክ መርጦ ከስልኩ አራት ገጽ ገልብጧል። አነበብኩለት። ስሕተት አላገኘሁበትም፤ እርሱን ራሱንም ግን አላገኘሁበትም።

«ለምን ህንድን መረጥክ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኛማ ቅኝ ተገዝተን አናውቅም። ከዚህ ከቱም ደግሞ ምን ይገኛል?»

ወጣቶች፣ ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ስለሆነ ያኔ አብረን ያገኘነውን ላካፍላችሁ።

ከጎረቤታችን ከማጂ እንጀምር። በ1910ዎቹ ዓ.ም. በማጂ የእንግሊዝ ቆንስል ይቀመጥ ነበር። እንግሊዝ በዚህ ተራራ ላይ ምን ትሠራለች? ካርታ ዘርጉና ተመልከቱ። በደቡባችን ኬንያ፣ በምዕራባችን ደቡብ ሱዳን አለ፤ ሁለቱም ያን ጊዜ በእንግሊዝ እጅ ነበሩ። ከእኛ አካባቢ እየተነሡ ለዝሆን ጥርስ፣ ለከብትና ለሰው ዘረፋ ድንበር የሚሻገሩ ስለነበሩ ቆንስሉ ያንን ይከታተል ነበር። ማጂ ከተቀመጡት ቆንስሎች አንዱ አርኖልድ ሆድሰን ይባላል። ስለዚህ አገር የጻፈው መጽሐፍ በ1929 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሆድሰን ከዚህ ከሄደ በኋላ የፎክላንድ ደሴቶች፣ ቀጥሎ የሴራሊዮን፣ ከዚያም የጎልድ ኮስት፣ ማለትም የዛሬዋ ጋና፣ ገዥ ሆኖ ተሹሟል። የእኛን ዳገት የወጣና የወረደ ሰው ነው ሄዶ በሌላ የአፍሪካ አገር ላይ ገዥ የሆነው።

ድንበሩም ራሱ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። አፄ ምኒልክና እንግሊዝ የሱዳኑን ወሰን በግንቦት 1894 ዓ.ም. ተፈራረሙ፤ የኬንያው በ1900 ዓ.ም. ተከተለ። በመስመሩ ግራና ቀኝ ከብት ያረቡ የነበሩት ሕዝቦች ግን ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው አልነበረም።

ከዚያም ጣሊያን መጣ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ መረብን ተሻገረ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ፤ ግንቦት 1 ቀን ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሆኖ «ኢምፓየር» አወጀ። ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ሶማሊያን አንድ ላይ አድርጎ «የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» አላቸውና በአምስት ግዛት ከፈላቸው። የእኛ ደቡብ ምዕራብ ጅማን ዋና ከተማው ባደረገው ግዛት ውስጥ ተካተተ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ በሦስት ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ደግሞ፣ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ሕግ ወጣ። ሰውን በቆዳው ቀለም የሚለይ አገዛዝ ነበር።

አምስቱ ዓመት ቅኝ ግዛት ነው ወይስ ወረራ? አርበኞች ከጫካ ስላልወጡና አገሩ በሙሉ ስላልተያዘ ብዙዎቻችን «ወረራ» እንላለን፤ ትክክል ነን። ወራሪው ግን ሕጉን፣ ሹሙንና ካርታውን ያዘጋጀው እንደ ቅኝ ገዥ ነበር። ስለዚህ ያ ተማሪ ህንድ ድረስ መሄድ አላስፈለገውም።

እስከዚህ ድረስ ሥራው ደስ አሰኘው። ቀጥሎ የመጣው ግን ከበደው።

ሽማግሌዎችን እንዲጠይቅ ልኬው ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ስለ ጣሊያን ሲጠይቃቸው፣ «ከጣሊያን በፊት ስለነበረውስ አትጠይቀኝም?» አሉት። ከዚያም ከእናታቸው የሰሙትን ስለ ገባር ዘመን፣ ታፍነው ተወስደው ስላልተመለሱ ልጆች ነገሩት። ልጁ የእርሱ ቅድመ አያት ከሰሜን ከመጡት ወታደሮች አንዱ እንደነበሩ ያውቃል። በሳምንቱ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

መጻሕፍቱም እኚያን እናት የሚደግፉ ናቸው። በ1890 ዓ.ም.፣ የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከከፋ ተነሥቶ ዛሬ ቱርካና እስከሚባለው ሐይቅ ዘለቀ። እንግሊዞች ከዩጋንዳ በኩል እየቀረቡ ስለነበር ምኒልክ መቅደም ፈልገው ነው። አብሮ የዘመተው የሩሲያ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ጉዞውን ጽፎታል። ማጂም በዚያ ዘመን በምኒልክ መንግሥት ሥር ገባች። ለወታደሩ ደመወዝ ስላልነበረ ገበሬው ተደለደለለት። ገባር የተባለው ዲዚ፣ ቤንችና ሌላውም እህል ይሰፍር፣ እንጨት ይሸከም፣ ቤት ይሠራ ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ የጠመንጃና የባሪያ ንግድ ተያይዘው አገሩን አራቆቱት። የዲዚ ሕዝብ ቁጥር በዚያ ዘመን እጅግ መመናመኑን የታሪክ አጥኚዎች ይስማሙበታል።

ልጁ ያስጨነቀውን እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ይህን ከጻፍኩ ጣሊያንን ደገፍኩ ማለት አይሆንም?»

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ጣሊያን በነሐሴ 1927 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ወረራው ሊጀመር አንድ ወር ሲቀረው፣ ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው ሰነድ ዋና ክሷ ኢትዮጵያ ውስጥ ባርነት አለ የሚል ነበር። ባርነት ነበረ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የማኅበሩ አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፤ በዚያው ዓመት በመጋቢትም አዋጅ ወጥቷል። ነገር ግን እንደ ማጂ ባለ ሩቅ አገር አዋጁ ከወረቀት አልወረደም። በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው ከነጻነት በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ወራሪው እውነተኛ በደላችንን አንሥቶ ለራሱ በደል ሽፋን አደረገው። ነጻ አወጣለሁ ያለውም አውሮፕላን የመርዝ ጋዝ አፈሰሰ።

ለልጁ የመለስኩለት እንዲህ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትን ኃጢአት ሳይሸሽግ ጽፏል፤ በዚህ ምክንያት ግን ጎልያድ ትክክል አልሆነም። ወራሪ ቁስላችንን ስላሳየ ቁስሉ የለም ማለት አንችልም፤ ቁስል ስላለንም ወራሪው ሐኪም አይሆንም። ሁለቱንም ጻፍ። አንዱን ትተህ ሌላውን ብቻ ብትጽፍ፣ ወይ እኚያን እናት ወይ አርበኞቹን ውሸታም አደረግህ ማለት ነው።

ስለ ቃላትም ተነጋገርን። የምኒልክን ዘመቻ አንዱ «አገር ማቅናት» ይለዋል፤ ሌላው «ውህደት»፤ ሌላው «ቅኝ ግዛት»። ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ተማሪ ክርክሩን በአንድ ቃል ከመዝጋቱ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ፦ መሬቱ የማን ሆነ? ማን ለማን ገበረ? ዳኝነቱ በማን ቋንቋ ነበር? እምቢ ያለ ሰው ምን ደረሰበት? እነዚህን ጥያቄዎች በእንግሊዝም፣ በጣሊያንም፣ በራሳችንም መንግሥት ላይ በእኩል ሚዛን አስቀምጡ። መልሶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ ሚዛኑ ግን አንድ ይሁን።

የጣሊያን ግዛት በእኛ ምዕራብ እንዴት እንዳበቃ ስናነብም ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። ጅማ በሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ጄኔራል ጋዜራ ወደ ሳዮ፣ ወደ ዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ አፈገፈገ። ሰኔ 26 ቀን እጁን የሰጠው ግን ከኮንጎ ለመጣ ጦር ነው። አዛዡ ቤልጂጋዊው ጄኔራል ጊሊያርት ነበር፤ ወታደሮቹ ኮንጎዎች። እነዚያ ሰዎች ሱዳንን አቋርጠው የእኛን ምድር ከቅኝ ገዥ ሲያስለቅቁ የራሳቸው አገር በቤልጂግ ቅኝ ግዛት ሥር ነበር። ነጻነት ያዩት ከ19 ዓመት በኋላ ነው። ይህን ሳነብለት ልጁ፣ «እነርሱንስ ማን አመሰገናቸው?» አለ።

በዚያችው ሳዮ፣ ሚስዮናውያኑ በጣሊያን ዘመን አገር ለቀው ሲወጡ ቤተ ክርስቲያኗን ይዘው የቆዩት አገልጋዮች ነበሩ፤ ዓይነ ስውሩ ጊዳዳ ሶለን፣ በኋላ ቄስ ጊዳዳ፣ ከእነርሱ አንዱ ናቸው። የምዕራቡ የወንጌል ታሪክም የዚህ ዘመን ታሪክ አካል ነው።

አሁን እናንተም ለመጀመር የሚረዳችሁን ልንገራችሁ። ሰው ስትጠይቁ በዓይኑ ያየውንና የሰማውን ለይታችሁ ጻፉ፤ ከማን እንደሰማም ጠይቁ። ሉቃስም ወንጌሉን የጀመረው ከዓይን ምስክሮች የተገኘውን በጥንቃቄ መመርመሩን በመናገር ነው። የዘመን አቆጣጠሩን አትደባልቁ፤ ዓድዋ በእኛ 1888፣ በፈረንጆቹ 1896 ነው። ለስሞችም ተጠንቀቁ፤ በድሮ መጻሕፍት ቤንች «ጊሚራ»፣ ሜኤን «ትሽና» ተብለው ታገኛላችሁ፤ እነዚህ ሌሎች የሰጧቸው ስሞች ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አትዘግዩ። ጣሊያንን በዓይኑ አይቶ የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ዘጠና ዓመት ገደማ ነው፤ ገባር ዘመንን ከእናቱ አፍ የሰማም እያረጀ ነው።

ልጁ ጽሑፉን አስረከበ። ዘጠኝ ገጽ ነበር። ከማስረከቡ በፊት ግን ወደ እኚያ እናት ቤት ተመልሶ ስለ ገባር ዘመን የጻፈውን አነበበላቸው። ዝም ብለው ሰሙትና፣ «ልጄ፣ አያትህ ማን እንደነበሩ አውቅ ነበር» አሉት። ከዚያም ቡና ተፈላ። ሦስተኛው እስኪወርድ ድረስ ተቀምጦ አዳመጣቸው።