ርስትና የትውልድ ሐረግ፦ በመንዝ የአያቶችን ስም ያቆየው ምን ነበር?



በእንግሊዝ አገር የገጠር ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው ፍለጋውን ከወረቀት ይጀምራል። አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግቡ በ1538 እ.ኤ.አ. ታዘዋል፤ ከ1841 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የሕዝብ ቆጠራው የየቤቱን ሰው በስም ይዘረዝራል። መንዝ ላይ ይህ መንገድ የለም። በአገራችን የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለንም የአያት ስም በልጅ ልጅ ስም ውስጥ እየጠፋ ይሄዳል።

ሆኖም መንዜው አያቶቹን አልረሳም። እንዳይረሳ ያደረገው ርስት ነው። ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን በማስረዳት ነበር፤ መንዝ የሚከፈልባቸው ማማ፣ ላሎና ጌራ ምድር ራሳቸው፣ በትውፊቱ መሠረት፣ የሦስት እንዲህ ያሉ አባቶች ስም ናቸው። መብቱ በአባትም በእናትም በኩል ስለሚቆጠር፣ የሴት አያቶችም ስም ከሐረጉ አልወጣም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለውም ትውልዱን ቆጥሮ ለሚያስረዳ ነው።

እንግዲህ ይህ ቆጠራ የሙግት ማስረጃ ነበር ማለት ነው። ተሟጋች የሚጠቅመውን አያት አጥብቆ ይይዛል፤ የማይጠቅመውን ይዘላል። ስለዚህ አንድ አዛውንት የነገሩንን ሐረግ ብቻውን እንደ መዝገብ ልንቀበለው አይገባም። እኔ የምመርጠው መንገድ በአንድ መሬት ላይ ይከራከሩ የነበሩ የሁለት ወገኖችን ቃል ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ጥቅማቸው የሚለያይ ሰዎች በአንድ ስም ላይ ከተስማሙ፣ ያ ስም ጠንካራ ምስክር አለው። ቃላቸው የሚለያይበት ቦታም ክርክሩ የት እንደነበረ ያሳየናል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ፣ ትውልድ መቁጠር የሚያበላ እውቀት መሆኑ ቀረ። አዋጁ ብዙ ጭሰኞችን ነጻ አውጥቷል፤ የአያቶችን ስም ይጠብቅ የነበረውን ምክንያት ግን አብሮ ወስዶታል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ነው። የቃሉ መዝገብ ከተዘጋ በኋላ የወረቀቱ መዝገብ እስኪከፈት 41 ዓመት አልፏል።

በ1967 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ መንዜ ዛሬ አዛውንት ነው። በሙግት ሸንጎ ቆሞ ትውልድ ሲቆጠር የሰማው የመጨረሻው ትውልድ እርሱ ነው። ተማሪዎቼን አደራ የምለው፣ በመጪው ክረምት ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼ ወይም ወደ መርሐቤቴ ስትሄዱ ስሞችን ብቻ ጽፋችሁ እንዳትመለሱ ነው። ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ ሐረጉ በእናት ይሁን በአባት የሚወርድ፣ ስለ የትኛው መሬት እንደተቆጠረ፣ ተከራካሪውስ ማን እንደነበረ አብራችሁ መዝግቡ። ይህ ከሌለ የምናስቀረው የስም ዝርዝር ብቻ ይሆናል፤ ይህ ካለ ግን ከእኛ በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ ሊመረምረው የሚችል ማስረጃ እናቆይለታለን።