በእንግሊዝ አገር መንገድ ላይ የፍርስራሽ ገንዳ ለማስቀመጥ፦ ፈቃዱ ስንት ያስከፍላል? ተጠያቂውስ ማን ነው?

በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ቤታቸውን ሲያድሱ፣ ጀመዓዎችም የገዙትን አሮጌ ሕንፃ ወደ መስጂድ ወይም መድረሳ ሲቀይሩ፣ ብዙ ጊዜ በበጀት ውስጥ የማይያዝ አንድ ወጪ አለ። እሱም ፍርስራሹ የሚጠራቀምበትን ትልቅ የብረት ገንዳ፣ በአገሩ አጠራር "ስኪፕ"፣ መንገድ ላይ ለማስቀመጥ የሚከፈለው የፈቃድ ክፍያ ነው። ገንዘቡ የሰደቃ ገንዘብ ሲሆን ደግሞ አማና ነውና አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

ሕጉ ምን ይላል?

በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው እ.ኤ.አ. የ1980 የአውራ ጎዳና ሕግ ነው። በአንቀጽ 139 መሠረት መንገዱን ከሚያስተዳድረው አካል ፈቃድ ሳይገኝ ገንዳ በሕዝብ መንገድ ላይ ማስቀመጥ ወንጀል ሲሆን፣ ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል። የእግረኛ መንገድም የሕዝብ መንገድ ነው። በለንደን ፈቃድ ሰጪው የየቦሮው ካውንስል ነው፤ ቀይ መስመር የተሰመረባቸው ዋና ዋና መንገዶች ግን በለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሥር ናቸው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው ሕግ አላቸው።

ገንዳው በራስ ግቢ ውስጥ ከተቀመጠ የመንገድ ፈቃድ አያስፈልግም።

ወጪው ከምን ከምን ይመጣል?

በአገር አቀፍ ደረጃ የተወሰነ አንድ ዋጋ የለም፤ እያንዳንዱ ካውንስል የራሱን ያወጣል። ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ ከቦሮ ቦሮ ይለያያል። ሒሳቡ በአብዛኛው ከሚከተሉት የተውጣጣ ነው።

1. የፈቃድ ክፍያ፦ በብዙ ቦታ በአሥሮች የሚቆጠር ፓውንድ ሲሆን፣ ለተወሰኑ ቀናት ወይም ሳምንታት ብቻ ያገለግላል። ጊዜው ካለፈ ለማራዘም እንደገና ይከፈላል።

2. የመኪና ማቆሚያ ክፍያ፦ ገንዳው የሚያርፈው ለነዋሪዎች መኪና በተከለለ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ቦታውን ለጊዜው ለማስለቀቅ ሌላ ክፍያ አለ። በየቀኑ ከታሰበ ከፈቃዱ ራሱ ሊበልጥ ይችላል። ብዙ ሰው የሚደነግጠውም እዚህ ላይ ነው።

3. የአከራዩ ጭማሪ፦ አብዛኞቹ ካውንስሎች ማመልከቻውን የሚቀበሉት ከአከራይ ድርጅቱ ነው። ድርጅቱም የአገልግሎት ክፍያ ሊጨምርበት ይችላል።

ተጠያቂው ማን ነው?

ገንዳው በጨለማ ጊዜ መብራት እንዲኖረው፣ የባለቤቱ ስምና ስልክ ወይም አድራሻ እንዲጻፍበት፣ ሲሞላም ሳይዘገይ እንዲነሳ የማድረግ ግዴታ የባለቤቱ ነው። ከ1984ቱ ደንብ ጀምሮ በጫፎቹ ላይ ቀይና ቢጫ አንጸባራቂ ምልክትም ሊኖረው ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነጥብ አለ። የኪራይ ውሉ ለአንድ ወርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሕጉ "ባለቤት" የሚለው ገንዳውን በእጁ የያዘውን ተከራይ ነው። ለረጅም ጊዜ እድሳት ገንዳ የሚከራይ የመስጂድ ኮሚቴ ኃላፊነቱ በራሱ ላይ ሊወድቅ እንደሚችል ይወቅ። ውሉ አጭር ቢሆንም ጥፋቱ የደረሰው በሌላ ሰው ድርጊት ከሆነ ያ ሰው ሊከሰስ ይችላል፤ ለምሳሌ መብራቱን ያነሳ ወይም ገንዳውን ያንቀሳቀሰ ሰው። በአንቀጽ 140 መሠረት ካውንስሉ ወይም ፖሊስ ፈቃድ ያለውን ገንዳ እንኳ እንዲነሳ ማዘዝ ይችላል፤ ራሱ ካነሳውም ወጪውን ከባለቤቱ ያስመልሳል።

ከመከራየት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

• የተነገረኝ ዋጋ ፈቃዱን፣ የመኪና ማቆሚያውንና የተጨማሪ እሴት ታክሱን ያካትታል?
• ፈቃዱ የሚያበቃው በየትኛው ቀን ነው? ቅጂውን ማየት እችላለሁ?
• መብራቱንና መከለያውን የሚያቀርበው ማን ነው? ቅጣት ቢመጣስ በውሉ መሠረት ማን ይከፍላል?
• ድርጅቱ ቆሻሻ ለማጓጓዝ የተመዘገበ ነው? በ1990ው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ መሠረት ቆሻሻን ለተፈቀደለት አካል ብቻ የማስረከብ ግዴታ የቤት ባለቤትንም ይመለከታል።

ወጪ ለመቀነስ ገንዳውን ግቢ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ወይም መኪናው ቆሞ እየጠበቀ የሚጫንበትን አገልግሎት መጠየቅ ይቻላል። ገንዳ የሚታዘዘውም ፍርስራሹ ሲዘጋጅ እንጂ ሥራው ሳይጀመር አይሁን፤ ባዶ ገንዳ ቆሞ የፈቃድ ቀን ይበላልና።

በመጨረሻም፣ ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገርን ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። መብራት የሌለው ገንዳ ለዓይነ ስውሩ፣ የሕፃን ጋሪ ለምትገፋ እናትና በሌሊት ለሚነዳ ብስክሌተኛ አደጋ ነው። በተለይ ከመስጂድ ደጃፍ የሚቀመጥ ገንዳ የጁሙዓ ሰጋጆችንም ጎረቤቶችንም መንገድ እንዳይዘጋ ማድረግ፣ ከሕግ ግዴታነቱ ባሻገር የጎረቤት ሐቅ ነው።