ደም ያስፈራል

ማንቡክ መተከል ውስጥ ያለች የዳንጉር ወረዳ ከተማ ናት። በዚያ አገር ስለ ሴት ልጅ ክርክር ሲነሣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ደም ላይ ያርፋል። በጉሙዝ ልማድ የወር አበባና የወሊድ ደም ቤት ውስጥ ከፈሰሰ በቤተሰቡ ላይ መዓት ያመጣል ተብሎ ስለሚፈራ፣ እናት ምጥ ሲይዛት ብቻዋን ወደ ጫካ ትወጣ ነበር። ዛሬም ጨርሶ አልቀረም።

ታዲያ ሁለት ጎራ ይፈጠራል። አንዱ «ኋላ ቀርነት ነው፣ ይቀጣ!» ሲል ሌላው «ባህላችንን አትንኩ» ይላል። ለመንቀፍ የሚቸኩለው ደገኛ ግን ትንሽ ረጋ ቢል አይከፋም። ጉሙዝ ለዘመናት በባሪያ ፍንገላ ሲታመስ፣ በስድብ ስም ሲጠራ የኖረ ሕዝብ ነው። ከዚያው ከደገኛው አፍ የሚወጣ ምክር ትክክል ቢሆን እንኳ ማን ይሰማዋል?

እውነት ብቻውን አያሳምንም። በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ ሰመልቫይስ የተባለ ሐኪም፣ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሕድ ከታጠቡ የወላዶች ሞት እንደሚቀንስ በቁጥር አሳየ። የማያምኑትን የሙያ ባልደረቦቹን ግን በኋላ በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳዮች እያለ ጻፈባቸው። በ1865 እ.ኤ.አ. አእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሲሞት የሰማው ጥቂት ነበር።

የእኛዋ ቦጋለች ገብሬ ሌላ መንገድ ያዙ። ኢየሩሳሌም ማይክሮባዮሎጂ፣ አሜሪካ ደግሞ ኤፒዲሚዮሎጂ ያጠኑ ሰው ናቸው። ወደ ትውልድ አገራቸው ከምባታ ተመልሰው በ1997 እ.ኤ.አ. ድርጅታቸውን ሲያቋቁሙ ግን ስብከት አላስቀደሙም። ሕዝቡ ድልድይ ቸግሮናል አለ፤ ድልድይ አሠሩ። ከዚያ ወንዱንና ሴቱን፣ ሽማግሌውንና ወጣቱን አንድ ላይ አስቀምጠው ስለ ግርዛት አወያዩ፤ ሲፈጸም የሚያሳይ ፊልም ሳይቀር አሳዩ። ብዙ ወንድ ምን እንደሚቆረጥ ያወቀው ያኔ ነው። ድርጊቱ ወደ 3 ከመቶ ገደማ ወረደ ተብሎ በሰፊው ተጽፏል። (በሕግ የሚያስቀጣ ነገር ሲጠየቅ ሰው ሁሉ እውነቱን ይናገራል ወይ? እንጃ! ለውጡ ትልቅ መሆኑን ግን አልጠራጠርም።)

ወደ መተከል እንመለስ። ደም ያስፈራል የሚለውን ጉሙዝ ተሳስተሃል ብዬ አልከራከረውም። እናቶችን በብዛት ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም ነው፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። ፍርሃቱ ልክ ነው፤ ልዩነቱ አደጋው ከቤቱ ይልቅ በእናቲቱ ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህም ብቻዋን መሆን የለባትም። ይህን በጉሙዝኛ፣ ያውም አማቷ ባለችበት ቁጭ ብሎ ማስረዳት ይቻላል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች፣ አብዛኛውን ጊዜም ሴቶች፣ ሲመድብ ለዚህ ዓይነት ጨዋታ በር ከፍቶ ነበር።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ መተከል በግጭት ሲታመስ ብዙ ጤና ኬላ ተዘረፈ፣ ተዘጋ። ጫካ የገቡት እናቶችም ያን ጊዜ የሸሹት ጥይት ነበር።