ወርቁን ማስፈታት፦ የዲጂታል ዜግነት ትምህርት በባሕር ዳርና የዶናልድ ሌቪን ፍርድ

ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» የተሰኘውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1965 ካሳተመ ስልሳ ዓመት አልፏል። በመጽሐፉ ስለ አማርኛ አነጋገር የሰጠው ፍርድ ግን በትምህርት ጥናታችን ውስጥ ዛሬም ሳይመረመር ይኖራል። ፍርዱ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሁለት ትርጉም ያዘለ ንግግር ለአማራ ማኅበረሰብ ብዙ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ዘመናዊነት ግን ቀጥተኛና አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ቋንቋ ስለሚሻ ሁለቱ አብረው አይዘልቁም። ይህ ጽሑፍ በዚያ ፍርድ ላይ ይግባኝ ያቀርባል። ይግባኙን ያስነሣው በባሕር ዳር ትምህርት ቤቶች ስልኩን በኪሱ ይዞ የሚማረው ወጣት ነው። ይህን ወጣት ኃላፊነት የሚሰማው የበይነ መረብ ተጠቃሚ ለማድረግ ትምህርቱ ከኮምፒውተር ክፍል ይልቅ በአማርኛ ክፍል ሊሰጥ ይገባል፤ ዘዴውም ሌቪን ጊዜው አልፎበታል ካለው የቅኔ ቤት ሊወሰድ ይችላል ብዬ እሞግታለሁ።

ስለ ዲጂታል ዜግነት የተጻፈው ብዙ ነው፤ ከአብዛኛው ጋር ጠብ የለኝም። ማይክ ሪብልና ጄራልድ ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ2007 ትምህርቱን ከተደራሽነት እስከ ደኅንነት በዘጠኝ ዘርፍ ከፍለው አቅርበውታል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 ለመምህራን የሚሆን የሚዲያና የመረጃ ዕውቀት ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅቷል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚኖሩ፣ ማንበብ ላልተማሩ ልጆች ታብሌት አድሎ፣ ልጆቹ ያለ መምህር የተዘጋውን ካሜራ ሳይቀር ከፍተው መጠቀም እንደቻሉ ዘግቧል። ዘገባው እውነት ከሆነ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፦ መሣሪያውን መክፈት የልጆቻችን ችግር ሆኖ አያውቅም።

ችግሩ የት እንዳለ ለማየት ከዚህች ከተማ መራቅ አያስፈልግም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. እዚሁ ባሕር ዳር በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ፎቶግራፋቸውን፣ ስማቸውንና የሚኖሩበትን አካባቢ የያዙ፣ ትግራዋይነታቸውን ዒላማ ያደረጉ ልጥፎች በፌስቡክ ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸው በኋላ ባቀረበው ክስ እንደተገለጸው፣ ከእነዚህ መካከል የዩኒቨርሲቲውን ሠራተኞች ስም ለራሱ በሰጠና ወደ 50,000 ተከታይ በነበረው ገጽ የወጡ ይገኙበታል። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። የኩባንያው ተጠያቂነት በዚያ ይለያል። እኔን የሚያሳስበኝ ያንን ገጽ ይከተል የነበረው ሰው ነው። ከእነዚህ ተከታዮች ብዙዎቹ በእኛው ትምህርት ቤቶች ያለፉ፣ የይለፍ ቃላቸውን መጠበቅ የሚያውቁ እንደሚሆኑ መገመት አያዳግትም። ስም፣ ፎቶግራፍና የሰፈር ስም አንድ በአንድ ሲታዩ ተራ መረጃ ናቸው። አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ጥሪ ይሆናሉ። «የዚህ ሰው ቤት የት እንደሆነ ለእኔ የሚነገረኝ ለምንድን ነው?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ከየትኛው የትምህርት ዓይነት ይገኛል?

ከሕግ አይገኝም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያዎች የሚደርሳቸውን ጥቆማ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስተናግዱ ያዛል፤ የመገናኛ ብዙኃን ተቆጣጣሪውም ሕዝቡን እንዲያስተምር ኃላፊነት ይሰጠዋል። ሆኖም አዋጁ የሚይዘው የተባለውን ነው። በውስጠ ወይራ የተላለፈው በአብዛኛው ያመልጠዋል።

ወደ ሌቪን ልመለስ። ሌቪን ለሰምና ወርቅ አነጋገር አራት አገልግሎቶችን ቆጥሯል፦ ለቀልድ፣ ነውር ሳይሆን ለመሳደብ፣ የግል ጉዳይን ከሰው ዓይን ለመከለል፣ ሹምን ለመንቀፍ። አራቱም ትክክል ናቸው። አራቱም ግን የተናጋሪው አገልግሎቶች ናቸው። በሌቪን ዝርዝር ውስጥ ሰሚ የለም። ሰሚው ምን ተምሮ፣ በምን ሥርዓት ወርቁን እንደሚያወጣ የመጽሐፉ ክርክር መሠረት አልሆነም። ግማሹን አይቶ በሙሉው ላይ ፈረደ። ሌላም አለ። የመስክ ጥናቱን ያካሄደው በሸዋ መንዝ ነው። መንዝ ታላቅ አገር ነው፤ የቅኔ መንገዶች ሲነሡ ግን ቀድመው የሚጠሩት ጎንጅ፣ ዋሸራና ዋድላ ናቸው። ጎንጅ ደግሞ ከባሕር ዳር እምብዛም አይርቅም። ሦስተኛውና ዋናው ጉድለት ትንቢቱ ነው። ዘመናዊ መሣሪያ ሲመጣ ቋንቋው ወደ ቀጥተኛነት ያዘነብላል ብሎ ጠብቆ ነበር። የመጣው ተቃራኒው ሆነ። የዛሬው የአማርኛ ቴሌግራም ቻናልና የቲክቶክ ኮሜንት በቅጽል ስም፣ በምልክት፣ በተረት ቁራጭና በአግቦ የተሞላ ነው። በማሽንና በአወያይ ዓይን ላለመያዝ ሰዎች ይበልጥ ይሸፍናሉ። ዘመናዊነት ሰሙን አላቀለጠውም፤ አበዛው እንጂ።

ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ ምዕራባውያን ከአሻሚነት መሸሻቸውን ነቅፎ አቋሙን አለሳልሷል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ማለሳለሱ ግን ለማኅበራዊ ሳይንስ ንድፈ ሐሳብ እንጂ ለአማርኛ ክፍል አልተረፈም። ሊበን ብለን አገራዊ ስም የሰጠነውን ምሁር ውለታ መካዴ አይደለም። ያነሣሁት ክርክር ሌሎች ማስረጃዎች ሲገኙ ሊሻሻል እንደሚችልም እቀበላለሁ።

ሌቪን ያላየውን ግማሽ የሚያሳይ፣ ስለ ትምህርት የሚጽፉ ሰዎቻችን እምብዛም የማይጠቅሱት ትንሽ መጽሐፍ አለ። አለቃ እንባቆም ቃለ ወልድ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉት፣ መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1970 ኒው ዮርክ የታተመው ነው። ተማሪው ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማና በቅኔ ቤት በኩል እስከ መጻሕፍት ቤት የሚያልፍበትን መንገድ ከውስጥ በሚያውቅ ሰው ብዕር እናገኛለን። የቅኔ ቤቱ አሠራር ለእኛ ወሳኝ ነው። ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ያድጋል። ቀን ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ሲመሽ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። ያን ጊዜ ይጠየቃል፦ ሰሙ የቱ ነው? ወርቁስ? ኅብሩ በየትኛው ቃል ላይ ነው? አገባቡ ያስኬዳል ወይ? ያልሰመረው ይታረማል፤ ባልንጀሮቹም ይሰማሉ። ወርቁ የሚፈታው በተቀኘው ሰው ፊት፣ በራሱ ስም ነው።

በቴሌግራም ግሩፕ ይህ ይገለበጣል። ወርቁን የሚፈቱት ተቀባዮቹ ናቸው፤ ጸሐፊው በሰሙ ተሸሽጎ ይቀራል፤ ቢጠየቅ «እኔ ምን አልሁ?» ይላል። በእኔ ግምት የዲጂታል ዜግነት ዋና ጥያቄ ይኸው ነው፦ ለወርቁ ማን ይጠየቃል?

ይህን ወደ አንድ ክፍለ ጊዜ ማውረድ ይቻላል። መምህሯ ለትምህርቱ የተዘጋጀች አንዲት ልጥፍ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች እንበል፦ «እንግዳ ጓዙን ካልጠቀለለ ባለቤቱ ይጠቅልልለት።» ከሥሩ የአንድ ሱቅ በር ፎቶግራፍ አለ። ተማሪዎቹ ሰሙን ያወጣሉ፦ አስተናጋጅ እንግዳውን ዕቃ በመሸከፍ ያግዘዋል። ኅብሩ «እንግዳ» ላይ እንደሆነ ከመካከላቸው አንዱ ያነሣል። በዚህች ከተማ እንግዳ የሚባለው ማን ነው? ባለቤት ነኝ የሚለውስ? ፎቶግራፉ ባይኖር ዓረፍተ ነገሩ ምን ይሆን ነበር? የሱቁ ባለቤት ልጅ እዚህ ክፍል ተቀምጣ ቢሆን ምን ትሰማ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ ተማሪውን በተግባር የሚፈትን ነው። ልጥፉን ፎርዋርድ ከማድረጉ በፊት ወርቁን በግልጽ አማርኛ፣ ከራሱ ሙሉ ስም ጋር ደብተሩ ላይ እንዲጽፍ ይታዘዛል፦ «እከሌ የተባለውን ሰው ከዚህ ከተማ በኃይል አስወጡት።» እጁ ይህን ለመጻፍ ካልታዘዘለት ልጥፉን የማስተላለፍ ምክንያት የለውም።

ተማሪዎቹ ሁሉ ወርቁን እኩል አይሰሙትም፤ ይህም ራሱ ትምህርት ነው። በጣና ዳር በደንገል ታንኳ ሥራ የሚታወቀው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ልጅ፣ ሌሎች እንደ ቀልድ የሚያልፉትን ቃል እንደ ስድብ ሊሰማው ይችላል። ስለ በይነ መረብ ጨዋነት የሚደነግግ የሕግ ዝርዝር ይህን ልዩነት ሊገምተው አይችልም። ክፍሉ ግን አብሮ ሲፈታ ልዩነቱ በግልጽ ይወጣል።

ቅኔ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ የሙስሊሙን ተማሪ ያገላል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የምንወስደው የጥያቄ ሥርዓቱን እንጂ ሃይማኖቱን አይደለም፤ ኅብረ ቃል ደግሞ በወሎ መንዙማም በአዝማሪ ግጥምም ሞልቷል። ቅኔ በግእዝ ነው የሚለውም አይከብድም፤ ሰምና ወርቅ በአማርኛ ትምህርት ውስጥ ድሮም አለ፣ እስካሁን ግን በጥንት ግጥም ላይ ብቻ ተወስኖ ቆይቷል። አሻሚ ንግግርን ማስተማር ተንኮልን ማስተማር ነው የሚሉም አሉ። ተንኮሉ ከክፍሉ በፊት ደርሷል፤ መፍቻውን መከልከል የሚጠቅመው ተንኮለኛውን ነው። በየክፍሉ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ሳይኖር እንዴት ይሆናል ለሚለው፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ያህል ተቋርጦ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። ያኔ ወሬ አልቆመም፤ በአፍ ሄደ። ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ የሚጠይቅ ትምህርት በዚያ ዓመትም ሊሰጥ ይችል ነበር። በ1997 ዓ.ም. ወደ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት መምህሩን ከዳር ተመልካች አድርጎት እንደነበርም አንርሳ። መሣሪያ ቀድሞ መምህር ሲከተል የሚሆነውን በዚያ አይተናል።

መነሻው እዚሁ አለ። የዛሬው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት አንድ እግሩን የተከለው መምህራን በሚያሠለጥነው በቀድሞው የፔዳጎጂ አካዳሚ ላይ ነው። የአማርኛ መምህራንን ማሠልጠኛ ከቅኔ መምህራን ጋር በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ለዚህ ተቋም ሩቅ ጉዞ አይደለም፤ የዘጌ ገዳማት በጀልባ፣ ጎንጅ በመኪና ይደረሳሉ። ከሁሉ የሚከብደው ፈተናው ነው። ተማሪም መምህርም የሚያጠናው የሚፈተነውን ነው፤ አማርኛ ደግሞ በምርጫ ጥያቄ ይፈተናል። የ8ኛ ክፍል ፈተና የክልሉ በመሆኑ ፌዴራል ትምህርት ሚኒስቴርን ሳይጠብቁ አንድ ጥያቄ መለወጥ ይቻላል፦ አንዲት ልጥፍ ቀርባ ተማሪው ሰሟን በአንድ፣ ወርቋን በሌላ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ፣ ከዚያም ስሙን አስፍሮ ያስተላልፋት እንደሆነ ከነምክንያቱ እንዲመልስ ይጠየቅ። እርማቱ በማሽን ስለማይሆን ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል፤ የክልሉ ትምህርት ቢሮ በጀት ሲይዝ ይህን ወጪ ከኮምፒውተር ግዢ አስቀድሞ ሊያስበው ይገባል።