ላሎብና እንዶድ

ከመተማ ተነሥቶ የድንበሩን ጅረት በመሻገር ወደ ገዳርፍ የሚጓዝ ሰው፣ የኢትዮጵያ ደጋ ከበስተኋላው እየራቀ ሲሄድ ፊት ለፊቱ የሚዘረጋለት ጥቁር አፈር ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። ይህ አፈር ክረምት ሲገባ ማሽላ ያበቅላል፤ በጋ ሲሆን ይሰነጣጠቃል። ከእርሻው ዳርና ከሰፈሮቹ መካከል እሾኻማ ዛፎች ቆመው ይታያሉ። በ1970ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከኤርትራ ለተሰደዱ ሰዎች መጠለያ የሆነው ኡም ጋርጉርም የሚገኘው በዚሁ አገር ነው።

ከእነዚህ ዛፎች ሁለቱ ለዕፅዋት ጥናት ታሪክ የሚጠቅሙ ናቸው። አንደኛው ሐሻብ የተባለው የሙጫ ግራር ሲሆን፣ ስለ እርሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሙጫው ክኒን ለማያያዝ፣ የማይዋሐዱ ፈሳሾችን አዋሕዶ ለማቆየት፣ ቀለም ለመሥራትና ለስላሳ መጠጥ ለማዘጋጀት ስለሚፈለግ ገበያ አጥቶ አያውቅም። እንዲያውም አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ በጣለች ጊዜ ሙጫው ከማዕቀቡ ውጭ እንዲሆን ተደርጓል። ሁለተኛው ዛፍ በዐረብኛ ሂጅሊጅ፣ ፍሬው ደግሞ ላሎብ ይባላል፤ በአማርኛ በደኖ የሚሉት ነው። የዚህ ዛፍ ዕድል ግን እንደ ሐሻብ አልቀናም።

የአንድ አገር ሕዝብ የሚያውቀው ተክል በሳይንስ መዝገብ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበትን መንገድ ለመረዳት፣ በዚሁ ሜዳ ላይ ያለፈ አንድ መንገደኛን ማስታወስ ይጠቅማል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተነሥቶ በ1772 በዚህ በኩል ወደ ሰናር ሲያልፍ፣ ስለ ኮሶ ዛፍ ያጠናውን ይዞ ነበር። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍም የዛፉን ሥዕልና ኢትዮጵያውያን የሆድ ትልን ለማስወጣት አበባውን እንዴት እንደሚጠጡ ገልጧል። በሚቀጥለው መቶ ዓመት ኮሶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ተሸጠ። ስሙን በተመለከተ ግን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ብሩስ ዛፉን በወዳጁ በባንክስ ስም ጠራው፤ ሌላው ሊቅ በጀርመናዊው በሐገን ስም ሰየመው፤ ሦስተኛው ደግሞ በቁስጥንጥንያ ይሠራ በነበረ ብራየር በተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ጠራው። ትውልድ ሲወርድ ትውልድ ሲነሣ መድኃኒቱን ፈትኖ ያቆየው ሕዝብ የቀረለት «የሐበሻ» የምትለው ሁለተኛዋ ቃል ብቻ ናት።

ኮሶ የሚያስወጣው ትል በሆድ ውስጥ የሚኖረውን ነው። በምሥራቅ ሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ ቆላና ወይናደጋ ከዚህ የከፋ ሌላ ትል አለ፤ እርሱም በደም ሥር ውስጥ የሚኖረው የቢልሃርዝያ ትል ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 በካይሮ አገኘው። ብሪታንያዊው ሌይፐር ደግሞ በ1915 በግብፅ ባደረገው ጥናት፣ የዚህ አገር ትል ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት መሆኑን አስረዳ። የትሉ እንቁላል ከሕመምተኛው ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ የተፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶም ውኃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ በሽታው አብዝቶ የሚያጠቃው በውኃ የሚውለውን ነው፤ የመስኖ ገበሬውን፣ ልብስ አጣቢዋን፣ ከሁሉም በላይ የሚዋኘውን ልጅ። በክፍል ውስጥ ፊቱ ገርጥቶ፣ ትምህርቱን መከታተል አቅቶት የሚታይ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ አይደለም።

በሱዳን የመስኖ ሥራ ሲስፋፋ በሽታውም ቦዩን ተከትሎ ሄደ። በጀዚራ በ1925 በተከፈተው ታላቅ መስኖም ሆነ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በሚወርደው በአትባራ ወንዝ ላይ ለገዳርፍ ቅርብ በሆነው በኸሽም አልጊርባ በ1964 በተሠራው ግድብ ዙሪያ ይህ ታይቷል። ከዚህ ግድብ 31 ዓመት አስቀድሞ ግን በካርቱም የዌልካም ምርምር ቤት ኃላፊ የነበሩት አርቺባልድ አንድ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። በ1933 በታተመው በዚያ ጽሑፍ የላሎብ ፍሬ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድልና በሱዳን ቢልሃርዝያን ለመከላከል ሊያገለግል እንደሚችል አመለከቱ። ዛፉ በሜዳው ሁሉ የሚበቅል፣ ሕዝቡም የሚያውቀው ነበር፤ ልጣጩን ለልብስ ማጠቢያና ዓሣ ለማስከር ይጠቀሙበታል። ሆኖም ሐሳቡ ወደ ሰፊ የመከላከል ሥራ ሳይሸጋገር ቀረ፤ በጀዚራ ቦዮች ሲጨመር የኖረው ከውጭ የሚገዛው መዳብ ሰልፌት ነበር።

አርቺባልድ ከጻፉ ከ31 ዓመት በኋላ፣ ማለት የአልጊርባው ግድብ በተሠራበት በ1964፣ ያው ነገር በድንበሩ ማዶ በሌላ ተክል ተደገመ። ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዞች የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጦች ከሌላው ቦታ በዝተው አዩ። ባዩት ብቻ አልረኩም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጦችን በዕቃ አድርገው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ለመኑ፤ ቀንድ አውጦቹም ሞቱ። እንዶድ በትግርኛ ሽብቲ፣ በኦሮምኛ አንዶዴ የሚባል፣ ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረ ቁጥቋጦ ነው። በዚያ ወንዝ ዳር ስንት የተማረ ሰው እንዳለፈ ማን ይቈጥረዋል!

እንዶድና ላሎብ በዘር የማይገናኙ ሲሆኑ ሁለቱም የሚሠሩት ሳፖኒን በተባለ አረፋ በሚያወጣ ንጥረ ነገር ነው። ይህ ነገር የቀንድ አውጣውን የሰውነት ሽፋን ያፈርሳል። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ተወቅጦ ከውኃ ጋር ሲገናኝ፣ በፍሬው ውስጥ ያለ ኤንዛይም ንጥረ ነገሩን ለውጦ ኃይለኛ ያደርገዋል፤ ስለዚህ እናቶች ፍሬውን ወቅጠው በውኃ መዘፍዘፋቸው ኬሚስቶች ኋላ ከደረሱበት ሥርዐት ጋር የሚስማማ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት ሊሸሸግ አይገባም፤ ሳፖኒን ዓሣንም ይገድላል፤ ዓሣ በሚረባበት ውኃ በዘፈቀደ ሊጨመር አይችልም።

ከዚያ በኋላ ያለው የዶክተር አክሊሉ ታሪክ የትዕግሥት ታሪክ ነው። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በአሜሪካ ከኬሚስቶች ጋር የለዩት ንጥረ ነገር ለማቶክሲን ተባለ፤ የኮሶ ስም ያልከፈለው ዕዳ እዚህ ላይ በጥቂቱ ተከፈለ ማለት ይቻላል። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የእንዶድን ልዩ ልዩ ዓይነቶች ከየአገሩ ሰብስበው በማወዳደር፣ 44 የሚል ቁጥር የተሰጠውን ብርቱ ዓይነት መረጡ። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተደረገው የመስክ ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከመቶ 63 ወደ 33 ወረደ፤ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ከ50 ወደ 7 ዝቅ አለ። የሕፃናቱ ቁጥር ዋና ነው፤ አዲስ የሚያዝ ሰው መቀነሱን የሚያሳየው እርሱ ነውና።

እንዲህም ሆኖ ተቀባይነቱ ዘገየ። ታላላቆቹ የጤና ድርጅቶች በየጊዜው ተጨማሪ የመርዛማነት ምርመራ ይጠይቁ ነበር። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነው፤ በሕዝብ ውኃ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ዶክተር አክሊሉ ያዘኑት ግን በአፍሪቃ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት በሌላ አገር ቤተ ሙከራ ካልተደገመ አለመታመኑ ነው፤ ድሀው አገር ለዚያ ድጋሚ ምርመራ የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። በ1989 ሁለቱ ሊቃውንት «አማራጭ ኖቤል» በሚባለው ሽልማት ተከበሩ። ጥቂት ቆይቶ እንዶድ በአሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን የሜዳ አህያ መስል እንደሚገድል ታወቀና፣ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በ1993 የባለቤትነት መብት አገኘበት፤ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው ቢሆኑም፣ ነገሩ የሕዝብ ዕውቀት ባለቤት ማነው የሚል ክርክር አስነሥቷል። እርሳቸው በ1997 ዐረፉ።

ዛሬ የቢልሃርዝያ ዋና መድኃኒት በ1970ዎቹ በጀርመን የተገኘው ፕራዚኳንቴል ነው። በየትምህርት ቤቱ የሚታደለውም እርሱ ነው። ልጁን ይፈውሳል፤ ነገር ግን ፈውሶት ወደዚያው ውኃ ይመልሰዋል፤ ቀንድ አውጣው ባለበት አለና። እንዶድን በገበሬው እጅ አልምቶ በየወንዙ ማዋል የሚለው የጥንቱ ሐሳብ ያላረጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ላሎብም እንዲሁ። የኋላ ኬሚስቶች በዚህ ዛፍ ውስጥ ዲዮስጄኒን አግኝተዋል፤ ይህም ራስል ማርከር በ1940ዎቹ ከሜክሲኮ የዱር ቦዬ አውጥቶ ፕሮጄስቴሮን የተባለውን ሆርሞን የሠራበት ንጥረ ነገር ነው። በገዳርፍ ሜዳ ግን ላሎብ ዛሬም በስፍር የሚሸጥ የገበያ ፍሬ ነው። ልጆች ቅርፊቱን ልጠው፣ ጣፋጭና መራራ የሆነውን ሥጋውን እንደ ከረሜላ ይመጡታል፤ ፍሬውንም ከዛፉ ሥር ይተፉታል።