ፊደሉን ወደ ነፃው ሥርዓት ያስገቡ ጥቂት እጆች

የአማርኛ ጽሕፈት መሣሪያ ታሪክ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠራው ስም የኢንጂነር አያና ብሩ ነው። ለላቲን ፊደል ተብሎ የተሠራውን የጽሕፈት መኪና የኢትዮጵያን ፊደል እንዲጽፍ ማድረግ ማለት የፊደሉን አካል ከቅጥያው ለይቶ በየተራ መምታት ማለት ነበር። በዚህም ምክንያት በመኪና የተጻፈው አማርኛ ለብዙ ዓመታት እግሩ የተጣመመ፣ ቀለበቱም ከአካሉ የራቀ ሆኖ ኖረ። ይህን ታሪክ የሙያው ሰዎች ያውቁታል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን፣ ይኸውም ፊደሉ በኮምፒዩተር፣ በተለይም ማንም ሰው በነፃ ሊወስደው፣ ውስጡን ሊመረምረውና ሊያሻሽለው በሚችለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ወይም ሥርዓተ ክወና ውስጥ እንዴት ሥፍራ እንዳገኘ፣ እምብዛም አልተጻፈም።

ችግሩ በአኃዝ ሲታይ ግልጽ ነው። ፊደሉ ሠላሳ ሦስት ቤት አለው፤ እያንዳንዱ ቤት ሰባት ሆህያት ስላሉት ድምሩ 231 ይሆናል። በዚህ ላይ እንደ ቋ፣ ጓና ሏ ያሉት ዲቃላዎች፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት ሃያ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ይታከላሉ። የግል ኮምፒዩተር ግን ለአንድ የፊደል ስብስብ ይሰጥ የነበረው 256 ሥፍራ ብቻ ሲሆን፣ ከዚህም ግማሹ አስቀድሞ በላቲን ፊደላትና በትእዛዝ ምልክቶች ተይዟል። በቀረው 128 ሥፍራ 231 ሆሄ አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሠሪ የየራሱን መላ መታ። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ከፍሎ በሁለት ፎንት አስቀመጠ፤ ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው አካልንና ቅጥያን ለየ፤ ሌላው ደግሞ ላቲኑን አስወጥቶ በሥፍራው ግዕዙን አስገባ።

የዚህ ውጤት በጉልህ የታየው በአዲስ አበባ የጽሕፈት ቤቶች ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ዓ.ም. በስታዲየም ዙሪያና ከዚያ ወደ ካዛንቺስ በሚወስዱት መንገዶች ዳር ማመልከቻ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የንግድ ደብዳቤ እየተየቡ የሚተዳደሩ ትንንሽ ቤቶች ነበሩ። (የካዛንቺስ ብዙው ክፍል በ2017 ዓ.ም. ስለ ፈረሰ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ በቀድሞ ሥፍራቸው የሉም።) አንድ ደንበኛ በፓወር ግዕዝ ያስተየበውን ጽሑፍ በፍሎፒ ዲስክ ይዞ ቪዥዋል ግዕዝ ወዳለበት ቤት ቢገባ፣ በስክሪኑ ላይ የሚያየው ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነበር። ፕሮግራሞቹ በጊዜያቸው ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል፤ ያለ እነርሱ የአገሪቱ ቢሮዎች ከጽሕፈት መኪና ባልተላቀቁ ነበር። ነገር ግን የትኛው ፊደል በየትኛው ቁጥር እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሠንጠረዥ የየድርጅቱ ሀብት ስለ ነበረ፣ አንዱ የሌላውን ሊያርም ወይም ሊያሻሽል አይችልም ነበር።

ከዚሁ ከስታዲየም ተነሥቶ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ላይ ለሚወጣ ሰው የሚያጋጥመው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። ፓዲስ የተባለው የኮሚሽኑ የመረጃ ክፍል፣ ኢንተርኔት ወደ አገሪቱ ከመግባቱ በፊት፣ ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ ኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። ፊዶኔት ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1984 በትርፍ ጊዜው የጀመረው የአማተሮች መረብ ነው፤ ደብዳቤዎቹን ያከማችና በተራ የስልክ መስመር ደውሎ በአንድ ጊዜ ያስተላልፋቸዋል። የአዲስ አበባው ማዕከል ለንደን ካለው ግሪንኔት ጋር በስልክ እየተገናኘ የተጠራቀመውን ይልክና ይቀበል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ባለሙያዎች በፈቃዳቸው ተሰባስበው ባይት የሚባል ኮሚቴ አቋቋሙ፤ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽንም አገልግሎቱን በ1989 ዓ.ም. ጀመረ።

በዚያ ዘመን ኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ የሚሸከመው የላቲን ፊደልን ብቻ ነው። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን አማርኛን በላቲን ፊደል ሲጽፉ እያንዳንዱ በገዛ ፈቃዱ ይጽፍ ስለ ነበር አንባቢው እየገመተ ያነብ ነበር። ይህን ለማስተካከል ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ሴራ የተባለውን ደንብ አዘጋጁ። ደንቡ እያንዳንዱን የግዕዝ ሆሄ በማያሻማ ሁኔታ በላቲን ፊደላት ይተካል። ትንሹ የላቲን ‹ቲ› ለ‹ተ› ቤት፣ ትልቁ ለ‹ጠ› ቤት ይውላል፤ ‹ሰ› እና ‹ሠ›፣ ‹ሀ›፣ ‹ሐ› እና ‹ኀ› እንኳ ሳይቀላቀሉ ይለያያሉ። ሰው በሴራ የጻፈውን ኮምፒዩተር ያለ ስሕተት ወደ ፊደል ሊመልሰው ይችላል። ደንቡ ለሁሉም ክፍት ሆኖ መውጣቱ በኋላ ለሆነው ነገር ሁሉ መንገድ ከፈተ።

ነፃ የሚባለው ሥርዓተ ክወና በበኩሉ ከሁለት ምንጮች የተገኘ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ ይፋ ሲያደርግ፣ ፕሮግራሙ ሰው ሁሉ ምንጩን የሚያይበት፣ የሚያሻሽልበትና ለሌላው የሚያስተላልፍበት መብት እንዲኖረው አስቦ ነበር። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ትልቅ ነገር ይሆናል ብሎ ሳያስብ፣ ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የጀመረውን ከርነል አቀረበ። ሊኑክስ የሚባለው ይህ ነው። አሠራሩ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ ደቦ ነው። ልዩነቱ ደቦውን የጠራው ሰው ለሠራተኞቹ ጠላና እንጀራ አለማቅረቡ፣ እርሻውም የአንድ ሰው አለመሆኑ ነው። ሌላም ልዩነት አለ፤ ደቦ ለወጣለት ሰው ሌላው በተራው ይወጣለታል፣ እዚህ ግን ብድሩን የማይመልስ ብዙ ነው።

የግዕዝ ፊደል በዚህ ደቦ ውስጥ ቀድሞ ቦታ ካገኘባቸው አንዱ ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ሲሆን፣ ሥራውን የሠሩት ጃፓናውያን ናቸው። በጹኩባ ከተማ በሚገኘው የኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ ኬንኢቺ ሃንዳና ባልደረቦቹ ኢማክስ የብዙ አገር ፊደሎችን እንዲጽፍ ሲያደርጉ፣ ናኦቶ ታካሃሺ የግዕዙን ክፍል አዘጋጀ። ለዚህም መነሻ የሆነው ሴራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሃያኛው እትም ይህን ሁሉ በውስጡ ይዟል። ኢማክስ የዓለምን ቋንቋዎች በሰላምታ የሚያሳይ አንድ ናሙና ገጽ አለው፤ በዚያም ከአማርኛ ስም ጎን ‹ሠላም› የሚለው ቃል በንጉሡ ሠ ተጽፎ ይገኛል። የፊደል ሊቃውንት በእሳቱ ሰ መጻፍ ነበረበት ብለው ይከራከሩ ይሆናል፤ ቃሉ ግን በዚያው መልክ ከፕሮግራሙ ጋር ዓለምን ይዞራል። በጀርመን አገር ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክና ባልደረቦቻቸው ቴክ በተባለው የኅትመት ፕሮግራም አማርኛ እንዲታተም የሚያደርግ ጥቅል ለሕዝብ በነፃ አበረከቱ።

እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም 345 የኢትዮጵያ ሆህያትና ምልክቶች የየራሳቸው ቋሚ ቁጥር ተሰጣቸው። የስታዲየሙ ደንበኛ ችግር በመርሕ ደረጃ የተፈታው ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ቁጥር መሰጠት ብቻውን አያጽፍም። ፊደሉን የሚስል ፎንት፣ ከቁልፍ ሰሌዳው የሚያስገባ ፕሮግራም፣ የፊደል ተራን የሚያውቅ መደርደሪያ፣ ቀንና ገንዘብን በአገሩ ልማድ የሚጽፍ መግለጫ ያስፈልጋል። እነዚህን ለነፃው ሥርዓት በአብዛኛው የሠራው ዳንኤል ያዕቆብ ያለበት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ፋውንዴሽኑ የሊኑክስ መሠረታዊ የፕሮግራም ክምችት በሆነው በግሊብሲ ውስጥ የአማርኛን፣ የትግርኛን፣ የግዕዝን፣ የአፋርኛን፣ የሲዳምኛን፣ የወላይትኛን፣ የብሊንንና የሌሎችንም ቋንቋዎች መግለጫ አስገባ። ማይክሮሶፍት አማርኛን ኒያላ ከተባለው ፎንት ጋር በዊንዶውስ ቪስታ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነውና፣ ያለ ክፍያ የተሠራው ሥራ አራት ዓመት ቀድሟል። እዚህ ላይ መሐንዲስን የሚያስገርም አንድ ነገር አለ። የግሊብሲ ሠንጠረዥ ለወራት ስም የሚሰጠው ሥፍራ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ዓመት አሥራ ሦስት ወር ስለሆነ ጳጉሜን ማረፊያ የላትም። በዚህ የተነሣ በአማርኛው መግለጫ ውስጥ የተጻፉት የፈረንጆቹ ወራት ስሞች ናቸው፤ ፊደሉ የኢትዮጵያ፣ ዘመኑ የሌላ ሆነ። ዳንኤል ያዕቆብ ይህን በሌላ በኩል ለመሙላት፣ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰላ፣ አኃዝን ወደ ግዕዝ ቁጥር የሚለውጥና በተመሳሳይ ድምፅ የተጻፉ የአማርኛ ቃላትን የሚያዛምድ ልዩ ልዩ ሞጁል በፐርል ቋንቋ ጽፎ አበረከተ። 1991 የሚለው አኃዝ ፲፱፻፺፩ እንዲሆን ቁጥሩን ከቀኝ ጥንድ ጥንድ አድርጎ መክፈል ያስፈልጋል፤ ዜሮ የሌለው የግዕዝ አኃዝ ለፕሮግራም ሠሪ ጥሩ ፈተና ነው።

ለፎንቱም በነፃ የሠሩ ሰዎች ተገኝተዋል። ዋሽራ፣ ጅረትና ውቂያኖስ የሚል ስም ያላቸው የኢትዮጵያ ፎንቶች ያለ ዋጋ ታድለዋል፤ ከእነርሱም አንዱ የቁም ጽሕፈት ሊቅ በሆኑት በይገዙ ብሥራት ስም ተሰይሟል። ከብራና አጻጻፍ ልማድ የተቀዳውና በክፍት ፈቃድ የሚሰጠው አቢሲኒካም ከሊኑክስ ጋር በስፋት ይገኛል።

የከበደው የሥርዓቱን ቃላት ወደ አማርኛ መመለስ ነበር። ግኖም የተባለው የሊኑክስ ገበታ በሺህ የሚቆጠሩ አጫጭር ሐረጎች አሉት። ተርጓሚው ገና ሲጀምር ፋይል፣ ዶሴ፣ መዝገብና ማኅደር የሚሉት ቃላት ይቀርቡለታል። በቢሮ ልማድ ሁሉም ወረቀት የሚሰበሰብባቸው ናቸው፤ የትኛው ለየትኛው እንደሚውል ግን የሚወስንለት የለም። አንድ ሰው ዶሴ ያለውን ሌላው ማኅደር ካለው ተጠቃሚው ይደናገራል። ፋውንዴሽኑ የጀመረውን ትርጉም ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ቢያስቀጥሉትም፣ እያንዳንዱ አዲስ እትም አዳዲስ ሐረጎች ስለሚያመጣ ያልተተረጎመው እየበዛ ሄደ። በአገር ውስጥ ሊኑክስን የሚያውቁት ባለሙያዎች በአብዛኛው ሰርቨር የሚያንቀሳቅሱት ናቸው፤ ሥራቸውም በእንግሊዝኛ ስለሚካሄድ የአማርኛው ገበታ ጎደለ አልጎደለ አልተሰማቸውም። ለዚህ ሥራ ከሌሎች ይልቅ የቀረቡት እነርሱ መሆናቸው ነገሩን የሚያሳዝን ያደርገዋል።

ውጤቱ በአንድ ምሳሌ ይታያል። ጂቲኬ የተባለው፣ ለሊኑክስ ፕሮግራሞች መስኮትና ቁልፍ የሚሠራው ክምችት፣ አማርኛንና ትግርኛን የሚያስገቡ ሦስት ትንንሽ ክፍሎች በውስጡ ነበሩት፤ እነዚህም በዳንኤል ያዕቆብ የተጻፉ ነበሩ። ተጠቃሚው ምንም ሳይጨምር ከምርጫው ዝርዝር አማርኛን ነክቶ ይጽፍ ነበር። አራተኛው እትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሲወጣ እነዚህ ክፍሎች ከሌሎች መሰሎቻቸው ጋር ተወግደዋል። ሥራው አይባስ ለሚባለው የተለየ ፕሮግራም ተተወ። ውሳኔው በምሕንድስና ረገድ ተገቢ ነው፤ ሁለት ቦታ የሚሠራን አንድ ነገር ወደ አንድ ማምጣት ልማድ ነውና። በአይባስ ውስጥም በሴራ ደንብ የተሠራው የአማርኛ ሠንጠረዥ አለ። ልዩነቱ ቀድሞ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይመጣ የነበረው አሁን ተጠቃሚው ፈልጎ የሚጭነው መሆኑ ነው።

ፊደሉ ግን ማደጉን አላቆመም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2010 ለሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ሆህያትን ጨምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ለጉራጊኛ የሚያስፈልጉ 28 ሆህያት ሲታከሉ የኢትዮጵያ ፊደል ድምር 523 ደረሰ። ለእነዚህ 28 ሆህያት እያንዳንዱ ነፃ ፎንት አዲስ ቅርጽ መሳል፣ እያንዳንዱ የማስገቢያ ሠንጠረዥ አዲስ መስመር መጨመር፣ የመደርደሪያውም ተራ መስተካከል አለበት። ሠንጠረዦቹ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው፤ ተከፍተው ይነበባሉ፣ አንድ መስመር ለማከልም የሚያስፈልገው ፊደሉን ማወቅና የአንድ ምሽት ትዕግሥት ነው።