ስሙ ብቻ የቀረው ፕላዝማ

ላሊበላ ከተማ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቶ «ባለ 43 ፕላዝማ ስንት ነው?» የሚል ሰው ነጋዴውን ግራ አያጋባም። ነጋዴው ከተደረደሩት አንዱን ይመርጥለታል፣ ሶኬት ሰክቶ ያበራለታል፣ ዋጋውን ይነግረዋል፣ ይከራከራሉ። ሁለቱም ስለ አንድ ዕቃ እያወሩ ነው። ዕቃው ግን ፕላዝማ አይደለም። ፓናሶኒክ የፕላዝማ ምርቱን እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ አቁሟል፤ ሳምሰንግና ኤልጂ በ2014 ተከትለውታል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ፕላዝማ የሚሸጥ ሱቅ ላሊበላ ባለችበት ላስታ ውስጥ ቀርቶ አዲስ አበባም ለማግኘት ይቸግራል። ዕቃው ከገበያ ወጥቶ ስሙ ከሰው አፍ ያልወጣው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ፕላዝማ ከመነሻውም የትምህርት ቤት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶው እና ሮበርት ዊልሰን የመጀመሪያውን የፕላዝማ ማሳያ ሲሠሩ ሐሳባቸው ሳሎን ቤት አልነበረም። «ፕላቶ» ለተባለው፣ ተማሪን በኮምፒውተር ለሚያስተምረው ሥርዓት የሚሆን መስኮት ፈልገው ነው። በዚያው የፈረንጅ ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ሁለቱ እስኪገናኙ አርባ ዓመት ፈጅቷል።

እስከዚያው ላሊበላ ያለችበት ወሎ ቴሌቪዥን ሳያይ በቴሌቪዥን ታየ። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ሕዝብ ቀረበ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ አሳየው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና ለኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ፣ የአገሪቱ ቴሌቪዥን ከጥቁርና ነጭ ወደ ከለር ተሻገረ። በዚያው መጸው፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977፣ ዘጋቢው ማይክል ቡርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር ከኮረም መጠለያ ያነሱት ምስል በቢቢሲ ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። የተቀረጸው ገበሬ ራሱን የሚያይበት መስኮት ግን አልነበረውም።

ተራራውም አላገዘም። የምድር ሥርጭት ሞገድ በአመዛኙ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው አቡነ ዮሴፍ ከኋላው ላለው ሸለቆ ሁሉ ጥላ ይሆናል። መላ ያመጣው ዲሽ ነው። ላሊበላ ላይ ናይልሳት የተባለውን ሳተላይት የሚፈልግ ዲሽ ወደ ምዕራብ ያያል፤ የኢትዮጵያ ጣቢያዎችን የያዘው ኢትዮሳት በ2012 ዓ.ም. ሲመጣ ደግሞ ብዙው ዲሽ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ወደ ሰማዩ አናት ቀና አለ። ከዲሹ ሥር፣ ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ጀርባው የወጣ ከባድ ቴሌቪዥን ነበር። ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሲነሳ ደግሞ ዳንቴሉ አብሮ ይነሳል።

ጠፍጣፋው መስኮት ወደ ብዙ ወረዳዎች የገባው በሳሎን ሳይሆን በክፍል ውስጥ ነው። ከ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመላ አገሪቱ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ተጀመረ። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለአዲስ አበባውም ለላስታውም ተማሪ በአንድ ሰዓት ይደርስ ነበር። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፤ መሐሉ የፕላዝማው ነው። ፕላዝማው ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። መብራት ከሄደም ትምህርቱ አይጠብቅም፤ ሲመለስ ሌላ ምዕራፍ ላይ ይገኛል። የዚያ ዘመን ተማሪ ጠፍጣፋውን ሁሉ ፕላዝማ ማለት የለመደው እዚያ ነው፤ ዛሬም «የፕላዝማ መምህር» ሲባል ይስቃል፣ ወይም ይቆጣል።

ፕላዝማን መምረጥ ያኔ የሞኝ ምርጫ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ከ40 ኢንች በላይ የሆነ ኤልሲዲ እጅግ ውድ ነበር፤ ከጎን ለተቀመጠ ተማሪም ምስሉ ይደበዝዝበታል። ፕላዝማ ከየትኛውም ወንበር ቢያዩት ያው ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር፤ አየር ውስጥ። የፕላዝማ መስኮት በሁለት መስታወት መካከል ኒዮንና ዜኖን ጋዝ በዝቅተኛ ግፊት የታሸገበት ነው። ሰው ከፍታ ላይ ሲወጣ የውጭው አየር ይሳሳል፤ መስታወቱን ከውጭ የሚጫነው ኃይል ይቀንስና መስኮቱ እንደ ንብ መጮህ ይጀምራል። ስለዚህ አምራቾች መመሪያቸው ላይ የከፍታ ገደብ ይጽፉ ነበር፤ አንዱ 2,000 ሜትር ይላል፣ ሌላው 2,400 ገደማ። ላሊበላ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ አየሯ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይጫናል። የደጋ አገር ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ከዕቃው ወሰን ውጭ ነበር ማለት ነው። ይህን ልብ ብሎ ያነበበ ገዢ ስንት እንደሚሆን መገመት ይቻላል፤ የቴሌቪዥን መመሪያ የሚያነብ ሰው የትም አገር ጥቂት ነው።

የኤልሲዲ መስኮት ውስጥ ጋዝ የለም፣ ከፍታም አይገደውም። ፈሳሽ ክሪስታሉ ራሱ አይበራም፤ ከኋላው የበራውን መብራት እየከፈተና እየዘጋ ምስል ይሠራል። መጀመሪያ ከኋላ የነበረው ቀጫጭን ፍሎረሰንት አምፖል ነበር፤ በኋላ በኤልኢዲ ተተካ። ሱቅ ውስጥ «ኤልሲዲ ይሻላል ኤልኢዲ?» ተብሎ የሚደረገው ሙግት እንግዲህ ስለ አንድ ቴሌቪዥን አምፖል የሚደረግ ሙግት ነው። ከፕላዝማ ጋር ያለው ልዩነት ግን ቆጣሪ ላይ ይታያል፤ ባለ 42 ኢንች ፕላዝማ ከ200 ዋት በላይ ሲበላ ባለ 32 ኤልኢዲ 50 ዋት ገደማ ይበቃዋል።

ላስታ ውስጥ ይህ ቁጥር ቀላል ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ደርሶ የኤሌክትሪክ መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ከተማዋ ከዓመት በላይ ያለ መብራት ቆይታለች። እንዲህ ባለ ጊዜ 200 ዋት የሚፈልግ ቴሌቪዥን የግድግዳ ጌጥ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራው ትንሹ ኤልኢዲ ግን ከሶላር ፓነልና ከባትሪ ጋር ይስማማል፤ መስመር ወዳልደረሰበት ገጠር ቴሌቪዥን ይዞ መውጣት የቻለውም እሱ ነው።

ስለ ምስል ጥራት የሚከራከር ሰው ደግሞ ከላሊበላ የተሻለ መፈተኛ አያገኝም። በገና ማለዳ ቤተ ማርያም ላይ «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር፣ ከላይ ማሜ ጋራ ከታች ግቢው ካህናቱን ይዞ፣ ዙሪያውን ምእመኑ ነጭ ለብሶ ሲቆም፣ የቀጥታ ሥርጭቱ መስኮት ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ይሆናል። ፕላዝማ ይህን አይወድም። ሙሉ ነጭ ሲመጣበት ኃይል ለመቆጠብ ራሱን ያደበዝዛል፣ ነጠላውም አመድማ ይመስላል። የዛሬው ውድ ኦሌድ ቴሌቪዥንም ይህ ጠባይ አለበት። ኤልኢዲ ግን በሩን ከፍቶ ፀሐይ በሚያስገባ ቡና ቤት ውስጥ እንኳ ነጩን ነጭ አድርጎ ያወጣዋል።

ካሜራው ወደ ቤተ ጎልጎታ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ከአለት የተፈለፈለው ጨለማና የጧፍ ብርሃን ብቻ ሲቀር፣ የኤልኢዲው መብራት ከኋላ እየሾለከ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል። ኦሌድ እያንዳንዷ ነጥብ ለብቻዋ ስለምትበራና ስለምትጠፋ ጨለማውን ጨለማ አድርጎ ይተወዋል፤ ፕላዝማም ከኤልኢዲ በተሻለ ይቀርበው ነበር። የኳስ ማሳያ ቤት ባለቤት ግን ለዚህ ገንዘቡን አያወጣም፣ ትክክልም ነው፤ የጣቢያው አርማ ቀኑን ሙሉ አንድ ጥግ ላይ ሲቆም ኦሌድ ላይ ጠባሳ ሊተው ይችላል። የእሱ ጭንቀት ጎን ያለው አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ ኳሷን ያያል አያይም ነው። ስለዚህ ሲገዛ ፊት ለፊት ቆሞ አያይም፤ ወደ ጎን ሄዶ ያያል።

ክቡን የድንጋይ ደርብ ጎጆ ይዞ የቆየ ቤተሰብ ጣጣው ሌላ ነው። የተጠማዘዘ ግድግዳ ላይ ጠፍጣፋ መስኮት አይገጥምም፤ ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ተመልሶ ቡፌ ላይ ይወጣል። ዳንቴሉ ግን ቀጭኑ ጫፍ ላይ አልቆም ብሎ ይንሸራተታል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ቤት ይመጣል። «ፕላዝማዬ ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም» ይላል ባለቤቱ። ጠጋኙ የስልኩን መብራት አብርቶ መስኮቱ ላይ ያስጠጋል፤ ጨለማው ውስጥ የዜና አንባቢዋ ፊት በስሱ ይታያል። ምስሉ አለ፣ የጠፋው ከኋላ ያለው አምፖል ነው። ጀርባውን ፈትቶ የተቃጠለውን የኤልኢዲ መስመር ያወጣል፤ እውነተኛ ፕላዝማ ኖሮት የማያውቀውን ዕቃ። ከዚያ አዲሱን ይገጥምና ደረሰኙ ላይ «ፕላዝማ ጥገና» ብሎ ይጽፋል።